እንዳይጨነቅ

የክብሪት ሽታ ያስጠላኛል። ሰው ሲጋራ ሲለኩስ አጠገቡ ከሆንኩ ፊቴን አዞራለሁ፤ ሻማ የሚለኮስበት ቤት ከገባሁ ትንፋሼን እይዛለሁ። ምክንያቱ የተወሳሰበ አይደለም። የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ሲወድቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ክብሪት ነው። አንዱ ይጭርና አፍንጫ ሥር ይደቅናል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ራሴን ባወቅሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀበለኝ ያ ድኝ ነው፤ አንዳንዴም የራሴ ጢም ሲቃጠል ይሸተኛል። ክብሪት ማንንም አንስቶ አያውቅም። በሽታው በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ክብሪት የያዘው ሰውዬ ግን ዞር ዞር ብሎ እያየ "ይኸው ተነሳ!" ይላል። ምስጋናም ይጠብቃል።

ይህን ነገር እንደኔ የጠላች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ታላቅ እህቴ። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ደሴ ላይ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታለም ነበር የምላት። ስወድቅ በጎኔ ታስተኛኛለች፣ ነጠላዋን አጥፋ ከራሴ ሥር ታደርጋለች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጎረቤት ክብሪቱን ይዞ ሲደርስ "ክብሪቱን ወዲያ!" ትላለች። አንድ ጊዜ የአንዱን እጅ መትታው ክብሪቱ በሙሉ ጭቃ ውስጥ ተበተነ፤ ሰውዬው እስኪሞት ድረስ አኩርፏት ኖረ።

ለስላሳ ሴት አልነበረችም። "አይዞህ" ማለት አታውቅበትም። ካምፓላ ከገባሁ በኋላ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስትደውልልኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም "ዋጥክ?" ነበር የምትለው። ክኒኑን ማለቷ ነው። "ዋጥኩ" ካልኩ "እንግዲያው ተናገር" ትላለች። "ገና ነኝ" ካልኩ "ሂድና ዋጥ፤ እጠብቃለሁ" ብላ ስልኩን ሳትዘጋ ትቆያለች፤ ውሃ ስቀዳ ታዳምጣለች። ቀጥላ "ወደቅክ?" ትላለች። "ኧረ የለም፣ ተሽሎኛል" እላታለሁ። ደም ግፊት ስለነበረባት እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ያኔ ይህንን ከውሸት አልቆጠርኩትም።

ኮሮና በገባ ሰሞን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ፣ የተቃጠለ ሞተር በሚጠቀለልበት ወርክሾፕ እሠራ ነበር። የምኖረው ኪሰንዪ፣ ከታክሲ መናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት የወሎ ሴት ከከፈቱት ምግብ ቤት ጓሮ ነው። እትዬ እንላቸዋለን። ክፍል የሚጋራኝ ደግሞ አገር ቤት ሳለ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ እዚህ ማስተማሩ ቀርቶ ለስደተኛው ሁሉ አስተርጓሚ ቢሆንም መምህሩ ማለታችንን አልተውንም። ከተማዋ ስትዘጋ ወርክሾፑም ተዘጋ፤ ታክሲም፣ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌትም ሰው እንዳይጭን ተከለከለ። ክኒን ልቀበል ከኪሰንዪ ተነስቼ ሆስፒታል ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ወረፋ እጠብቃለሁ፣ አንዳንድ ቀን "የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና" እባላለሁ። ወርክሾፑ ይከፈት ይሆን፣ ክኒኑ ይመጣ ይሆን እያልኩ ስገላበጥ ይነጋል። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው።

መንገድ ላይ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። የአገሩ ሰዎች "ኤንሲምቡ! ኤንሲምቡ!" እያሉ ሸሹ፤ በቋንቋቸው የበሽታዬ ስም ነው። የሚሸሹት የወደቀው ሰው ፈስ ከደረሰባቸው በሽታው የሚጋባባቸው ስለሚመስላቸው ነው። ስሰማው ልስቅ አስቤ ነበር፣ ሳቁ ግን አልመጣም። የኛዎቹም ቢሆኑ አልተሻሉም። አንዱ ክብሪት ጭሯል፣ የቀሩት አረፋው እንዳይነካቸው ራቅ ብለው ቆመው "ወይኔ! ወይኔ!" ብለዋል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በእትዬ ምግብ ቤት የኔ ኩባያ ብቻ እጀታው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀባ። ማን እንደቀባው አልጠየቅሁም፣ ማንም አልነገረኝም።

መምህሩ ወደ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ብዙ ጠየቀችኝ። ትተኛለህ ወይ፣ ክኒኑን በሰዓቱ ታገኛለህ ወይ፣ ሥራህስ አለች። ከዚያ ረዥም ነገር ተናገረች። የኔ እንግሊዝኛ የወርክሾፕ ነው፤ ቤሪንግ፣ ኮይል፣ ቱሞሮው። ከተናገረችው ሁሉ የለየሁት "ስሊፕ" የሚለውንና "ስትሬስ" የሚለውን ነው። መምህሩ አገጩን አሻሸና ያን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቀለለው፤ "እንዳትጨነቅ ተብለሃል።" ቤት ደርሰን ለእትዬ ሲነግራቸው ደግሞ ቃሉ መንገድ ላይ አድጎ ነበር። "ክፉ ወሬ እንዳይሰማ ተብሏል። ከሰማ ይጥለዋል፤ ከጣለው ደግሞ ላይነሳ ይችላል" አላቸው። እትዬ አማተቡ። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ "አትጨነቅ" የማይለኝ ሰው ጠፋ። እንጀራ የምታቀርበዋ ትለኛለች፣ ከሰል የሚያመጣው ይለኛል፣ ስሜን በቅጡ የማያውቅ ደንበኛ ትከሻዬን መታ አድርጎ "አትጨናነቅ ወንድሜ" ይለኛል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይባል የለ! ጭንቀት ምን እንደሚያደርገኝ ከነሱ በፊት አውቀዋለሁ። ክኒኑ ሲጠፋ፣ እንቅልፍ ሲሸሽ፣ ነገ ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ ሲቀር ምላሴ ላይ የዝገት ጣዕም ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የለሁም። ግን ጭንቀት አውልቅ ስላሉት የሚወልቅ ጫማ አይደለም። አትጨነቅ የተባለ ሰው ቀድሞ ባይጨነቅ እንኳ፣ ከተባለ በኋላ "ምን ሆኜ ነው?" ማለቱ አይቀርም።

ሽንኩርት ልክተፍላቸው ስል ቢላውን ተቀበሉኝ። ከምድጃው አራቁኝ፤ እሺ፣ እሱስ ይሁን። አገር ቤት ጦርነት ሲነሳ ራዲዮኑ ከምግብ ቤቱ ጠፋ። ቀጥሎ እኔ ስገባ ወሬ መቆም ጀመረ። አምስት ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ እደርሳለሁ፣ ጸጥ ይላል፣ አንዱ "አይ የዛሬው ፀሐይ!" ይላል። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የሚመጣው ልስልስ ያለ ፈገግታ እንደ ከረመ ቅቤ ይከረፋኝ ነበር። በጥፊ ቢመቱኝ በስንት ጣዕሙ።

በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ላይ፣ እዚህ ምርጫ ሲደረግ፣ ኢንተርኔት ለቀናት ተዘጋ። እሁድ ደረሰ፣ እታለም አልደወለችም። "ኔትወርኩ ነው" አለኝ መምህሩ፤ እውነትም ኔትወርክ አልነበረም። ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ጓሮው ውስጥ እየተንጎራደደ ከአገር ቤት ዘመዶቹ ጋር ሲጯጯህ ሰማሁ። የኔ ስልክ አልጮኸም። ስደውልላት ይጠራል፣ አይነሳም። "ደሴ አብራት ለምትኖረው ልጇ ደውዬ ነበር፤ የእናቷ ስልክ ማይኩ ተበላሽቶ ነው አለች። አትጨነቅ" አለኝ መምህሩ፣ ካልሲውን እየፈለገ። ካልሲው እግሩ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ከእታለም ቁጥር የጽሑፍ መልእክት መጣ። "ውድ ወንድሜ፣ ሰላም ነህ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አንተ ብቻ አትጨነቅ።" ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እታለም "ውድ ወንድሜ" ብላኝ አታውቅም፤ ደስ ሲላት "አንተ ጅል" ነው የምትለኝ። "አትጨነቅ" የሚለውም ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ከሁሉ የባሰው ግን የሌለው ነገር ነው፤ "ዋጥክ?" አይልም። ልፈትናት ብዬ "ክኒኔ አልቆብኛል፣ አራት ቀን ሆነኝ" ብዬ ጻፍኩ፤ ውሸቴን ነው። የኔ እህት ይህን ብትሰማ ኬንያን በእግሯ አቋርጣ ትመጣ ነበር። መልሱ በደቂቃ ውስጥ ደረሰ። "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል።"

ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩትና እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም፤ የቆሸሸ ነገር የነካሁ መሰለኝ።

ለምን አልጠየቅሁም? ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ካልጠየቅሁ አለች። ቀን ቀን እነሱ የሚያውቁትን እንደማላውቅ ሆኜ እበላለሁ፤ እነሱም እንደማውቅ የማያውቁ ሆነው ያቀርቡልኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንቅልፍ የሚባል ከዓይኔ ጠፋ፤ መውደቁም በሳምንት ሁለቴ ሆነ። አንድ ቀን ከወደቅሁበት ስመለስ፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፣ የእትዬን ሹክሹክታ ሰማሁ። "ሳይሰማ እንዲህ የሆነ፣ ቢሰማማ ምን ሊሆን ነው!" አሉ። ከአፍንጫዬ ሥር ድኙ እየጨሰ ነበር።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ሳለን አንድ እሁድ ምግብ ቤቱ ለደንበኛ ተዘጋና ድግስ ተደገሰ። "የሚካኤል ዝክር ነው፤ በዓሉ አርብ ስለዋለ ነው ለዛሬ ያዛወርነው" አሉኝ እትዬ፣ ድስቱን እያማሰሉ፣ ሳያዩኝ። የካምፓላ ሐበሻ ግማሹ የመጣ ይመስል ነበር። እኔም ተቀመጥኩ። ቀይ ወጡ ግሩም ነበር፤ ይህን አልክድም። ለሳምንታት ምግብ አልዘልቅ ብሎኝ ቆይቶ ያን ዕለት ተራብኩ። አንድ ጊዜ አስጨመርኩ። "እጅዎ ይባረክ እትዬ" አልኳቸው። እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ ሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ኦልድ ካምፓላ ቅመም የሚያከፋፍሉ አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር። እኚህን ሰው ማስጠንቀቅ ሁሉም ረስቷል። በልተው ሲጨርሱ አፋቸውን ጠረጉ፣ ተነሱ፣ "የእህትህን ነፍስ ይማር። አንተንም እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ልጄ" አሉኝና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"አይ የዛሬው ፀሐይ" የሚል እንኳ ጠፋ። ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ቀናቱን ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ኢንተርኔቱ ከተዘጋበት ሰሞን እስከዚያ እሁድ አርባ ይሆናል። የሚካኤል ዝክር አልነበረም። የእህቴ የአርባ ቀን ተዝካር ነው። እርሜን ሳላወጣ እርሜን በልቻለሁ፤ ያውም አስጨምሬ።

ወጥቼ ከውሃ ታንከሩ ሥር የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። ወጡ ሲመለስም የወጥ ጣዕም ነበረው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ቀይ ወጥ ሲሸተኝ እዚያ ታንከር ሥር እመለሳለሁ። ቀና ስል መምህሩ ከኋላዬ ቆሟል። በአንድ እጁ የክብሪት ሳጥን፣ በሌላው እንጨቱን ይዞ፣ እስክወድቅ ይጠብቃል። "ሽማግሌው ጃጅተዋል እኮ። ሌላ ሰው መስለሃቸው ነው። አትጨነቅ" አለኝ። ሰውን ያህል ነገር እንደዚያ ተጸይፌ አላውቅም።

በአማርኛ "ተረዳሁ" ማለት ገባኝ ማለት ነው፤ መርዶ ተነገረኝ ማለትም ነው። በአንደኛው ከተረዳሁ ሰንብቻለሁ፤ በሁለተኛው ግን ገና ነበርኩ። ያልተረዳ ሰው ለቅሶ አይቀመጥም፣ የሚያጽናናው አያገኝም፤ እህቱን በልቡ ደብቆ ይዞ ይዞራል እንጂ አይቀብራትም። በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። የምግብ ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ጓሮው አወጣሁና ለቅሶ ቤት እንደሚደረደረው ደረደርኳቸው። ጋቢዬን ለብሼ መሐል ላይ ተቀመጥኩ። በወንበሮቹ ጩኸት ሁሉም ብቅ ብቅ አሉ።

"አርዱኝ" አልኳቸው።

"ምን ሆነሃል የኔ ልጅ? አትጨነ..." አሉ እትዬ።

"እትዬ፣ በሞቴ! መርዶ በንጋት ነው፣ ይኸው ነግቷል። እህቴን አርዱኝ።"

እትዬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከቀናት በፊት ያዘጋጁት የሚመስል ነገር ሊናገሩ ጀምረው ተዉት። "አርፋለች፣ ልጄ። በምርጫው ሰሞን። ሦስት ቀን አስሏት ነው" አሉ። ይኸው ነው፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ የተሸከሙልኝ ነገር አንድ ትንፋሽ አልፈጀም።

አለቀስኩ። ደረቴን እየመታሁ፣ ስሟን እየጠራሁ፣ እንደ ሰው አለቀስኩ። እትዬ አለቀሱ፣ የግቢው ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ መምህሩም እንባው እየወረደ፣ ዓይኑን ግን ከኔ ሳይነቅል፣ ሳጥኑን ከኪሱ አወጣ። "ክብሪቱን ወዲያ!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፁ የኔ አይመስልም ነበር። መምህሩ ደንግጦ ሳጥኑን መልሶ ከተተ። አልወደቅሁም። ባለመውደቄ ቅር ያለው መሰለኝ፤ እንዲህ ማሰቤ ግፍ ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ ዕለት ወደቅሁ። ይህን የማነሳው እውነት ከነገሩኝ ወዲያ ዳንኩ ብዬ እንዳልቀጥፍ ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ኀዘንም ራሱ ጭንቀት ነው። ብቻ ያን ዕለት ስመለስ አፍንጫዬ ውስጥ ምንም አልነበረም። በጎኔ ተኝቻለሁ፣ የመምህሩ ጃኬት ታጥፎ ከራሴ ሥር ነው፤ እሱ ራሱ መሬት ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ያያል።

አርብ ለብቻዬ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። በዚያች በወርክሾፕ እንግሊዝኛዬ "ክፉ ወሬ አትንገሩት ብለሻል ወይ?" አልኳት ሐኪሟን። ዓይኗን አፈጠጠች። እንድትተኛ ነው ያልኩት፣ አለች ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ። ክኒኑን በሰዓቱ እንድትውጥ ነው ያልኩት። የሚያስጨንቅህንም አፍነህ እንዳትይዝ፣ ለሚቀርብህ ሰው እንድትናገር። ያቺን የመጨረሻዋን መምህሩ ፈጽሞ አልተረጎማትም። ግቢው ሁሉ ሲያፍንልኝ እኔ ለማን ልናገር ኖሯል?

እሁድ ስልኬ ጮኸ። የእታለም ቁጥር ነው፣ የያዘችው ግን ልጇ። በእናቷ ስም የጻፈችልኝ እሷ መሆኗን አውቄያለሁ፤ የምላትንም ሳምንቱን ሙሉ ሳሰናዳ ነው የቆየሁት።

"በሞተች እናትሽ እጅ ትጽፊያለሽ? አይቀፍሽም?" አልኳት።

"ጋሼ፣ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው" አለችና ለቅሶዋ መጣ። "ሕመምህ እንዳይብስብህ ብዬ ነው። እማዬ እኮ አንተን በተመለከተ ሰላም ሆና ነው ያረፈችው። የመጨረሻ ቀን እንኳ 'እሱስ ተሽሎታል፣ እግዜር ይመስገን' እያለች ነበር።"

ያሰናዳሁት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ደረቀ። ተሽሎታል። በየእሁዱ ያጎረስኳትን ቃል ይዛ ሄደች። እኔም እኮ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። እትዬን፣ መምህሩን፣ ይህቺን ልጅ ስጸየፍ የከረምኩበት ምራቅ ተመልሶ የራሴ ፊት ላይ ወደቀ።

"ጋሼ፣ እውነት ተሽሎሃል አይደል?" አለችኝ።

"ኧረ ተሽሎኛል" የሚለው ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዓመታት ያሟሸሁት ቃል ነው።

"ሐሙስ ወድቄያለሁ" አልኳት። "ባለፈው ወርም በሳምንት ሁለቴ እወድቅ ነበር። እናትሽ በሕይወት ሳለችም እወድቅ ነበር። እየዋሸኋት ነው የኖርኩት።"

የዘጋችው መሰለኝ። ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ፤ ድምፅዋም ሲመለስ ጎርነን ያለ፣ የተቆጣ ነበር።

"ዋጥክ?"

"ገና ነኝ" አልኩ።

"ሂድና ዋጥ፤ እጠብቃለሁ።"

ስልኩን ሳልዘጋ፣ ያቺን ቀይ ቀለም የተቀባች ኩባያዬን አንስቼ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ።